ስንት ማርከሃል? የአዝቴኮች የጦር ማዕረግ አሠራር

እኛ አንድን ሰው አገሩን ስንጠይቀው «እትብትህ የተቀበረው የት ነው?» እንላለን። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ለነበረ የሜክሲኮ ወንድ ይህ ጥያቄ ቢቀርብለት መልሱ «ጦር ሜዳ» ነበር የሚሆነው። ቀልድ አይደለም። በአዝቴኮች ዘንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ እትብቱ ከትንሽዬ ጋሻና ፍላጻ ጋር ለዘማቾች ይሰጣል። እነሱም ይዘውት ሄደው ጦርነት በሚካሄድበት ምድር ይቀብሩታል። የሴት ልጅ ከሆነ እምድጃው አጠገብ ይቀበራል። አዋላጇ ለጨቅላው የምትነግረው ቃልም አለ። ይህ የተወለድክበት ቤት የወፍ ጎጆ ነው፣ እውነተኛው ቤትህ ሌላ ቦታ ነው ትለዋለች።

እንዲህ ከተጀመረ ሕይወት የሚወጣው ማዕረግ ምን ይመስላል?

«አዝቴክ» የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከኳስ ነው። ማራዶና በ1986 እንግሊዝ ላይ በእጁም በእግሩም ያገባው አዝቴካ ስታዲየም ነው። ጌም የሚጫወት ሰው ደግሞ የንስርና የጃጓር (ነብር መሰል አውሬ ነው) ልብስ የለበሱትን ተዋጊዎች ሳያውቅ አይቀርም። ከዚያ ያለፈው ወሬ ግን ብዙ ጊዜ የተደበላለቀ ነው። አንዱ «ጄኔራል» ይለዋል፣ ሌላው «ኮማንዶ»፣ ሌላው እንደ አውሮፓ ባላባት ያደርገዋል። ነገሩ ከነዚህ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለመሆኑ አዝቴኮች እነማን ናቸው?

ራሳቸውን «ሜሺካ» ነበር የሚሉት። የአገሪቱ ስም ሜክሲኮ ከዚሁ የመጣ ነው። «አዝቴክ» የሚለው አጠራር የገነነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ቋንቋቸው ናዋትል ይባላል። ዛሬም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል። ከተማቸው ቴኖችቲትላን ሐይቅ ላይ በነበረ ደሴት የተሠራች ነበረች። የዛሬዋ ሜክሲኮ ሲቲ የተቀመጠችው እሷ ላይ ነው።

መጀመሪያ ለሌላ ከተማ የሚገብሩ ትንሽ ሕዝብ ነበሩ። በ1428 ከቴስኮኮና ከትላኮፓን ከተሞች ጋር ሆነው ጌቶቻቸውን ጣሉ። ከዚያ ወዲህ ገባሪው አስገባሪ ሆነ። ከታች የምናወራው የማዕረግና የሹመት ሥርዓት መልክ የያዘውም ከዚያ በኋላ በነበሩት አንድ መቶ ዓመታት ውስጥ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ብዙ የናዋትል ቃል «ትል» ብሎ ያበቃል። ከትላትል ጋር ዝምድና የለውም። የስም ማብቂያ ነው፤ «ት» እና «ል» ተጣብቀው ባንድ ትንፋሽ ይነገራሉ።

ማዕረግና ሹመት አንድ ነው?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

በዛሬ ጦር ሠራዊት ማዕረግ ማለት ማዘዝ ማለት ነው። ሻምበሉ መቶ አለቃውን ያዛል፣ መቶ አለቃው አምሳ አለቃውን። ደረጃህ ከፍ ሲል የምታዘው ሰው ይበዛል። በአዝቴኮች ግን መሰላሉ ሁለት ነበር። አንደኛው ጀግንነትህ የሚለካበት ነው። ስንት ሰው በሕይወት ማርከህ እንዳመጣህ ይቆጠርና በዚያ ልክ ስም፣ ልብስና የፀጉር አቆራረጥ ይሰጥሃል። ሁለተኛው ንጉሡ የሚሰጠው ሹመት ነው። ጦሩን ማን ይመራል፣ ምክር ቤት ማን ይቀመጣል የሚለው በዚህ ይወሰናል።

በኳስ እናስበው። ጎል አዳኙ በየጨዋታው ቢያገባ ኮከብ ጎል አግቢ ይባላል፣ ዋንጫ ይሰጠዋል፣ ስሙ ይዘፈናል። ይህ ግን አሠልጣኝ አያደርገውም። የአሠልጣኝነቱ መንገድ ሌላ ነው። አንዳንዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ አንዳንዱ መሻገር አይፈልግም። አዝቴኮችም ጋ እንደዚያው ነበር። እንዲያውም ከጀግኖቹ ሁሉ የላይኞቹ «አሠልጣኝ» እንዳይሆኑ የሚታሰቡ ነበሩ። እነሱ ጋ እንደርሳለን።

ልጁ ዘማች የሚሆነው እንዴት ነው?

ከተማዋ «ካልፑሊ» በሚባሉ ሰፈሮች የተከፋፈለች ነበረች። እያንዳንዱ ሰፈር የወጣቶች ቤት ነበረው፤ ቴልፖችካሊ ይባላል። የገበሬውም የአንጥረኛውም ልጅ እዚያ ገብቶ እንጨት ይሸከማል፣ ቦይ ይጠርጋል፣ ይጨፍራል፣ የጦር መሣሪያ አያያዝ ይማራል። የመሳፍንት ልጆች በአብዛኛው የሚገቡት ካልሜካክ ወደሚባለው የካህናት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከጦርነቱ ሌላ የቀን አቆጣጠር፣ ዜማና ሃይማኖት ይማራሉ።

ጦሩ የሚሰበሰበው በሰፈር ነው። አጠገብህ የሚዋጋው የጎረቤትህ ልጅ ነው። ቁጥራቸው በሃያ በሃያ ስለሆነ ትልቁ ክፍል 8,000 ሰው ይይዛል። ስሙ ሺኪፒሊ ነው፤ ትርጉሙ «ከረጢት» ማለት ነው። 8,000 የካካዋ (ቸኮሌት የሚሠራበት) ፍሬ የሚይዝ ከረጢት። ገንዘባቸው ካካዋ ስለነበር ወታደሩንም በሳንቲም ከረጢት ቆጠሩት ማለት ነው።

ወደ ቁንጮው እንምጣ። የእኛ እናቶች ለልጅ መሐል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተዉለት ነበር። የአዝቴኩ ልጅ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቁንጮ ይተውለታል፤ ግን ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ። ይህ ቁንጮ የሚቆረጠው ሲማርክ ብቻ ነው። ሳይማርክ የቆየ ጎረምሳ ቁንጮውን እያንጠለጠለ ይዞራል። ከሩቅ ይታያል። የሳሃጉን መዝገብ እንደሚለው በበዓል ቀን አፉን ከፍቶ ልጃገረዶችን የለከፈ እንዲህ ያለ ጎረምሳ የሚያገኘው መልስ የሚያሳፍር ነው። መጀመሪያ ያንን የሚሸት ቁንጮህን አስቆርጥ፣ አንተም እንደኔ ሴት አይደለህም ወይ ይሉታል። ከአዛዥ ቁጣ ይልቅ ይህቺ ሳትሠራ አትቀርም።

በነገራችን ላይ በርናርዲኖ ዴ ሳሃጉን ስፔናዊ መነኩሴ ነው። ከወረራው በኋላ የአገሬውን ሽማግሌዎች በራሳቸው ቋንቋ እየጠየቀና እያስጻፈ አሥራ ሁለት መጻሕፍት አዘጋጅቷል። ስለ ማዕረጎቹ የምናውቀው ትልቁ ክፍል ከዚያ ነው። ሌላው «ኮዴክስ ሜንዶዛ» የሚባለው ሥዕላዊ ጥራዝ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ተዋጊ ምርኮኛውን በፀጉሩ ጨብጦ፣ ያገኘውን ልብስ ለብሶ ተስሏል።

ለምንድን ነው ምርኮ እንጂ ግዳይ የማይቆጠረው?

አንደኛው ምክንያት ሃይማኖት ነው። ፀሐይ በየቀኑ እንድትወጣ ደም ያስፈልጋታል ብለው ያምኑ ነበር። ምርኮኛው ቤተ መቅደስ ወጥቶ ይሠዋል። የሚያስከፋ ነገር ነው፤ ግን ሳይነገር ቢታለፍ ማዕረጉ አይገባንም። ማራኪው ምርኮኛውን «የምወደው ልጄ» ይለዋል፣ ምርኮኛው ደግሞ «የምወደው አባቴ»። ከዚህም የተነሣ ማራኪው በሥርዓቱ ላይ የምርኮኛውን ሥጋ አይቀምስም። ራሴን እንዴት እበላለሁ ነው ነገሩ። ዛሬ እኔ፣ ነገ አንተ የሚል ስሜት አለው።

ሁለተኛው ምክንያት ተራ ነው። ገደልኩ ማለት ቀላል ነው፤ ማን ያይሃል? በግርግር መሐል የማን ፍላጻ ማንን እንደጣለ አይለይም። ምርኮኛ ግን በእግሩ እየሄደ ይመጣል። አፍ አለው። ማን እንደያዘው ራሱ ይናገራል።

መማረኩም ከባድ ነው። ተዋጊዎቹ የሚይዙት መሣሪያ ማክዋዊትል ይባላል። ጠፍጣፋ ዱላ ነው፤ ጠርዝና ጠርዙ ላይ የባልጩት ስለት ተደርድሮበታል። ከምላጭ ይብሳል። ይህን የያዘ ሰው ሳይገድልህ አንተም ሳትገድለው መያዝ ጉልበት ብቻ አይበቃውም።

ይህን ስል ግን ጦርነቱ ሁሉ የምርኮ ጨዋታ ነበር ማለቴ አይደለም። ከተማ ሲያስገብሩ ይገድሉ ነበር፣ ያቃጥሉ ነበር። ዋናው ዓላማ ግብር ነው። ምርኮ የሚቆጠረው ለተዋጊው ለራሱ ነው።

ስንት ምርኮ ምን ያስገኛል?

ከአንድ እንጀምር። የመጀመሪያውን ሰው ብቻውን የማረከ ወጣት «ትላማኒ» ይባላል፤ ማራኪ ማለት ነው። ቁንጮው ይቆረጣል። ፊቱን ቀይ፣ ጆሮ ግንዱን ቢጫ ይቀቡታል። አበባ የተሳለበት ኩታ ይሰጠዋል።

ብቻውን ካልሆነስ? ጓደኛ ረድቶት ከሆነ ለሁሉም ይከፈላል፤ እስከ ስድስት ሰው አንድ ምርኮ ሊጋራ ይችላል። በኳስ ቋንቋ አሲስት ልትሉት ትችላላችሁ። ፀጉሩም ይህንኑ እንዲናገር ይደረጋል። ባንድ በኩል ይቆረጥና በሌላው በኩል ይተዋል። መንገድ ላይ ያየው ሁሉ «አሃ፣ ይሄ በእርዳታ ነው» ይላል። ትንሽ ጭካኔ ያለበት ሐቀኝነት ነው።

በሁለተኛው ምርኮ ንጉሡ ቤት ይገባል። ሾጣጣ ቆብ ያለው፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ የላባ ልብስ ይሰጠዋል። ልብሱ ዋስቴካ ከሚባሉት የጠረፍ ሕዝቦች የተወሰደ ነው። በሦስተኛው ቢራቢሮ የሚመስል ጌጥ ጀርባው ላይ ይሸከማል፤ ወጣቶችን የሚያሠለጥንም ይሆናል። አራተኛው ትልቁ ድልድይ ነው። አራት የማረከ «ቴኪዋ» ይባላል። ፀጉሩ አናቱ ላይ ወደ ላይ ይታሰራል። የጃጓር መልክ ያለው ልብስ ይለብሳል። ከሁሉ በላይ ግን የጦር ምክር ሲደረግ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚህ ወዲያ ተራ ሰው አይባልም።

ሁሉም ምርኮኛ እኩል ነው?

በፍጹም። ደካማ ቡድን ላይ አምስት ጎል ማግባትና ደርቢ ላይ አንድ ማግባት አንድ ነው?

ሳሃጉን ያነጋገራቸው ሽማግሌዎች ይህን ሳይሸፋፍኑ ተናግረዋል። ከዋስቴካ ሰዎች አሥርም ሃያም ብትማርክ ስምህ ብዙም አይገዝፍም፤ ያው የወጣት አለቃ ነህ። ከአትሊሽኮ ወይም ከዌሾትሲንኮ አንድ ካመጣህ ግን አገር ያወራልሃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ከተሞች ተራራውን ተሻግሮ ባለው ሸለቆ የሚኖሩ፣ ቋንቋቸውም ናዋትል የሆነ፣ ውጊያ አዋቂ ሕዝቦች ናቸው። ከነሱና ከትላስካላ ጋር «የአበባ ጦርነት» የሚባል ነገር ነበራቸው፤ ቀንና ቦታ ተቆርጦለት የሚገጠም። ደርቢው ይሄ ነው። አራቱን ቆጥሮ አምስተኛውን ከዚያ ሸለቆ ያመጣ ሰው ሰማያዊ የከንፈር ጌጥ ይሰጠዋል፤ ከታላላቆቹ ይቆጠራል።

በሰው ምርኮ ማዕረግ የሚያገኝስ?

ይህ ሁሉ ሽልማት ባለበት ማጭበርበር አይጠፋም። ሁለት ሰዎች ባንድ ምርኮኛ ቢጣሉ ዳኛ ይቆማል፤ ምርኮኛው ራሱ ይመሰክራል። የሌላውን የኔ ነው ብሎ የተያዘ ሞት ነው ቅጣቱ። የሚገርመው የሰጪውም ቅጣት ያው መሆኑ ነው። ለወንድምህ አዝነህ «ይሄን ውሰድ፣ ቁንጮህን አስቆርጥበት» ብትለው ሁለታችሁም አለቀላችሁ። ማዕረጉ ዋጋ እንዲኖረው ከፈለግክ እንዲህ መጠበቅህ የግድ ነው።

ንስርና ጃጓር ሁለት ክፍለ ጦር ናቸው?

በጌምና በፊልም ሁለቱ ተለያይተው ይሰለፋሉ። ንስሮቹ ወዲህ፣ ጃጓሮቹ ወዲያ። በናዋትል ግን «ንስርና ጃጓር» አንድ ላይ የሚባል የተጣመረ አነጋገር ነው፤ ትርጉሙ ጀግና ማለት ነው። ናዋትል እንዲህ ሁለት ቃል አጣምሮ ሦስተኛ ነገር መናገር ይወዳል። እኛ «ሥጋና ደሜ» ስንል ዘመዴ ማለታችን እንደሆነው። አንድ ሰው ንስርና ጃጓር ተባለ ማለት ክፍለ ጦሩ ተነገረ ማለት አይደለም፤ ጎበዝ ተባለ ማለት ነው።

ልብሱ የለም ማለት ግን አይደለም። አለ። በታላቁ ቤተ መቅደስ አጠገብ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ቁፋሮ «የንስሮች ቤት» የሚባል አዳራሽ ተገኝቷል። ደጁ ላይ በሰው ቁመት ልክ ከሸክላ የተሠሩ፣ ከንስር መንቁር ውስጥ ፊታቸው ብቅ ያለ ምስሎች ቆመው ነበር። ፎቶአቸውን ፈልጋችሁ እዩ፤ ያምራሉ። «የንስር ባላባት» የሚለው ግን ከአውሮፓ የመጣ ስም ነው። ፈረስ በሌለበት አገር የፈረሰኛ ባላባት ከየት ይመጣል?

ከሁሉ በላይ የሚፈሩት እነማን ነበሩ?

ሁለት ናቸው፦ ኦቶሚዎቹና ኳቺኮቹ።

ኦቶሚ በመጀመሪያ የሌላ ሕዝብ ስም ነው። በውጊያ የታወቁ ስለነበሩ አዝቴኮች ስማቸውን ለማዕረግ ወሰዱት። ኳቺክ ደግሞ «የተላጨ» ማለት ነው። ጭንቅላቱ ይላጫል፤ መሐል አናቱ ላይ ቁንጮ፣ ከግራ ጆሮው በላይ ደግሞ ጉንጉን ይቀርለታል። የተላጨው ቦታ በሁለት ቀለም ይቀባል። እንግዲህ ነገሩ ዞሮ ቁንጮ ላይ ገጠመ። ልጁ ቁንጮው ሲቆረጥለት ይጀምራል፣ የጀግኖች ቁንጮ ሲሆን ቁንጮ ይተውለታል።

ኳቺክ ለመባል ብዙ መማረክ አይበቃም፤ ከሃያ በላይ የጀግንነት ሥራ ይጠየቃል። መሐላም አለ። አንድ እርምጃ ወደኋላ አልልም ብሎ ይምላል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይዋጋሉ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይለቅም። ከሸሸ ግን ራሳቸው ጓደኞቹ ይገድሉታል። ጦሩ ሲፈታ የመጨረሻው ግድግዳ እነሱ ናቸው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ጦሩን ምራ አይሉትም። ለውጊያ እንጂ ለአስተዳደር አይሆኑም ተብለው ነበር የሚታዩት። ጦር ሜዳ ላይ የሚፈለገው እብደት ሸንጎ ላይ አይፈለግም። ወደኋላ ላይል የማለ ሰው ጦር ቢመራ ማፈግፈግ ሲያስፈልግ ማን ይወስናል? እኔን የሚገርመኝ ይህን መለየታቸው ነው። ስንቱ አገር ጎበዝ ተዋጊ ስለሆነ ብቻ አላዋቂ አዛዥ ሾሞ ተቀጥቷል።

ታዲያ የሚያዘው ማነው?

ከላይ ንጉሡ ነው። «ትላቶዋኒ» ይባላል፤ ተናጋሪ ማለት ነው። አፉ የሚከበር፣ ሲናገር የሚደመጥ። የተመረጠ ንጉሥ ዘውድ ከመድፋቱ በፊት ዘምቶ ምርኮ ይዞ መምጣት አለበት። እሱም ከፈተናው አያመልጥም።

ሁለተኛው «ሲዋኮዋትል» ነው። ቃሉ «እባቢቱ ሴት» ማለት ነው፤ የአምላክ ስም ነው። ሹመቱን የሚይዘው ግን ወንድ ነው። ንጉሡ ሲዘምት ከተማውን ይጠብቃል፣ ግምጃ ቤቱን ይይዛል፣ አንዳንዴም ራሱ ይዘምታል። በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው ትላካኤሌል ለብዙ ዓመታት ከአንድ በላይ ንጉሥ ሲያማክር ኖሯል። ንጉሥ ሳይሆን ንጉሥ የሆነ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከነሱ ቀጥሎ አራት ሹማምንት ያሉበት ምክር ቤት አለ። ትላኮችካልካትል፣ ትላካቴካትል፣ ኤዝዋዋካትል እና ትሊላንካልኪ። ሥርዓቱ የተዘረጋው ከ1427 እስከ 1440 በነገሠው በኢትስኮዋትል ጊዜ ነው ይባላል። ንጉሡ ሲሞት ተተኪው ከነዚህ አራቱ መሐል ይመረጣል። ስለዚህ ሹመቱ የአልጋ ወራሽ ወረፋ ጭምር ነው። ከሁሉ የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ጦሩን በዋናነት የሚመሩት እነሱ ናቸው። ሳሃጉን አንደኛው ከመሳፍንት፣ ሌላው ጦር ሜዳ ካሳደገው ሰው ይሾም ነበር ይላል።

ስሞቹ ከባድ ይመስላሉ፤ አመጣጣቸው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደጃዝማች ከድንኳኑ ደጅ፣ ቀኛዝማች ከቀኝ ክንፍ እንደመጣ፣ ትላኮችካልካትልም የመጣው ከቦታ ነው። «የፍላጻ ቤት ሰው» ማለት ነው። መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ነው ማዕረጉን የወለደው። ትሊላንካልኪ ደግሞ «የጨለማው ቤት ጠባቂ» ነው።

ማዕረግ ምን ይጠቅማል?

ልብስ። በመጀመሪያ ልብስ። ይህን እንደ ቀላል አትዩት።

ተራው ሰው ከቃጫ የተሠራ ኩታ ይለብሳል፤ ጥጥ አይፈቀድለትም። ኩታው ከጉልበቱ በታች መውረድ የለበትም። ሕጉን ያጠበቀው ከ1440 እስከ 1469 የነገሠው ቀዳማዊ ሞክቴዙማ ነው። አንድ ልዩ ፈቃድ ግን ነበር። እግሩ ላይ የጦርነት ቁስል ያለበት ሰው ጠባሳውን ለመሸፈን ረጅም ኩታ መልበስ ይችላል። እንግዲህ ረጅም ኩታ የለበሰ ተራ ሰው መንገድ ላይ ብታይ ወይ ጀግና ነው፣ ወይ ሊገደል ነው።

ሕጉ ወደ ላይም ይመታ ነበር። የንጉሥ ወንድም ቢሆን ካልዘመተ ጌጥ አያደርግም፤ እንደ ተራ ሰው ይለብሳል። ባለ ማዕረግ ግን ጥጥ ይለብሳል፣ ሰንደል ይጫማል፣ ቤተ መንግሥት ይበላል፣ መጠጥ ይፈቀድለታል፣ ከአንዲት በላይ ሴት ያኖራል፣ ከግብር ነጻ ይሆናል።

ከዚያም አልፎ መሬት ተሰጥቶት መስፍን የሚሆን አለ። «ኳውፒሊ» ይባላል፤ የንስር መስፍን። በልደት ሳይሆን በክንዱ የከበረ። የገበሬ ልጅ ወደ ላይ ከሚወጣባቸው ጥቂት በሮች ዋናው ይህ ነበር። ሰፊ በር ነበር ግን አልልም። የመስፍን ልጅ የተሻለ መሣሪያ፣ የተሻለ ትምህርት፣ አጠገቡ የሚያግዘው ልምድ ያለው ሰው አለው። ያው አንድ ምርኮ ለሱ ይቀላል። በ1502 የነገሠው ዳግማዊ ሞክቴዙማ ደግሞ በሩን ጭራሽ አጠበበው። ከሱ በፊት የነበረው አዊትሶትል ቤተ መንግሥት ያስገባቸውን የተራ ሰው ልጆች አስወጥቶ በመሳፍንት ልጆች ተካቸው።

ሴቶችስ?

በምርኮ መሰላሉ ላይ የሉም። ነገር ግን ምጥ እንደ ውጊያ ነበር የሚቆጠረው። ሴት በሰላም ስትገላገል አዋላጇ የጦርነት እልልታ ታሰማለች፤ ልጅ ማረከች ማለት ነው። በወሊድ የሞተች ደግሞ ጦር ሜዳ እንደወደቀ ጀግና ትከበራለች። ጀግኖቹ ፀሐይን ከመውጫዋ እስከ እኩለ ቀን ይሸኟታል፣ ከዚያ እስከ መግቢያዋ የሚቀበሏት እነዚህ ሴቶች ናቸው ይባል ነበር።

እንዲህ ከሆነ ለምን ተሸነፉ?

«ሊማርኩ ሲሉ ተሸነፉ» የሚል ቀላል መልስ አለ። ጭላንጭል እውነት አለው። በ1521 ክረምት ከተማው ተከቦ ሳለ የስፔኖቹ መሪ ኮርቴስ አንድ ቀን እጃቸው ገብቶ ነበር። ሊገድሉት ይችሉ ነበር። በሕይወት ሊወስዱት እየጎተቱት ሳለ አንድ ወታደሩ ደርሶ አስጣለው፤ ወታደሩ እዚያው ሞተ።

ነገር ግን ከተማዋን የጣላት ይህ ብቻ አይደለም። ከ1520 ጀምሮ ፈንጣጣ ገብቶ ሕዝቡን ፈጅቷል፤ ንጉሡ ኩዊትላዋክ ራሱ በፈንጣጣ ነው የሞተው። ከስፔኖቹ ጎን ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የትላስካላና የሌሎች ከተሞች ተዋጊዎች ነበሩ። ያ ተራራ ማዶ ያለው የደርቢ ባላንጣ ማለት ነው። የአበባው ጦርነት ቂም እዚህ ጋ ተመነዘረ።

ከማዕረጉ ጋር የሚያያዘው ሌላ ነገር ነው፤ መታየቱ። አዛዡ ትልቅ ባንዲራ ጀርባው ላይ አስሮ ነው የሚሰለፈው። በጩኸት መሐል ጦሩ የሚያየው ያንን ነው። ሐምሌ 7 ቀን 1520 ኦቱምባ ላይ ከከተማ ተባርረው የሚሸሹት ስፔኖች በብዙ ሠራዊት ተከበቡ። ኮርቴስ ጥቂት ፈረሰኞች ይዞ በቀጥታ ወደ ባንዲራው ጋለበ። አዛዡ ወደቀ፣ ባንዲራው ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ። ማን ምን እንደሆነ ከሩቅ እንዲለይ የተሠራው ልብስ ለጠላትም ይለይ ነበር።

ይህን ቶሎ የተረዳ አንድ ሰው አለ። ስሙ ትሲላካትሲን ነው፤ ማዕረጉ ኦቶሚ። በከበባው ጊዜ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ይዞ ይወጣ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ አንዱን በእጁ፣ ሁለቱን በጋሻው ሥር። ስፔኖቹን እያሳደደ ውኃ ውስጥ ይከት ነበር። ፀጉሩ እንደ ኦቶሚ የተቆረጠ ስለሆነ ማንም ያውቀዋል። ስፔኖቹም ለይተው በተኩስም በፍላጻም ያድኑት ጀመር።

እሱም ልብስ መቀያየር ያዘ። አንድ ቀን የማዕረጉን ልብስ ለብሶ ይመጣል። ሌላ ቀን የጥጥ ጥሩሩን ብቻ አድርጎ፣ ያ የሚኮራበት ፀጉሩ እንዳይታይ ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ።